ፀረ ፈንገስና የአፈር ሕይወት በአዊ ዞን

ፀረ ፈንገስ የሰብል በሽታ አምጪ ፈንገሶችን የሚገድል ወይም እድገታቸውን የሚገታ ኬሚካል ነው። በአዊ ዞን፣ በተለይ በእንጅባራ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ በብዛት የሚረጨው ድንች ላይ ነው፤ ክረምቱ ረዥምና እርጥብ በመሆኑ ሌት ብላይት የተባለው በሽታ ማሳውን በጥቂት ቀናት ያጠቁረዋል። (አምጪው ፈንገስ ይመስላል እንጂ ኡማይሲት የሚባል የአልጌ ዘመድ ነው።) የተለመዱት መድኃኒቶች ማንኮዜብ፣ እንዲሁም ሜታላክሲልና ማንኮዜብን አጣምሮ የያዘው ሪዶሚል ናቸው።

ሜታላክሲል በዋናነት ኡማይሲትን ለይቶ ያጠቃል። ማንኮዜብ ግን አይመርጥም፤ ከቅጠል ታጥቦ መሬት ሲደርስ ገለባ የሚያበሰብሱ ፈንገሶችንም፣ አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎችንም ሊያዳክም ይችላል። በአፈር ውስጥ ቶሎ ስለሚፈርስ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አላፊ ነው፤ አሳሳቢው በአንድ ወቅት ደጋግሞ መርጨት ነው። መዳብ የያዙ ፀረ ፈንገሶች ግን መዳባቸው አይፈርስም፣ በአፈር ውስጥ ይከማቻል። የአውሮፓ ኅብረት ማንኮዜብን በ2020 እ.ኤ.አ. ያገደው ለአፈር ሳይሆን በዋናነት ለሰው ጤና ሲል ነው።

የአዊ ደጋ አፈር አሲዳማ ነው። አሲድ ከፈንገስ ይልቅ ባክቴሪያን ስለሚጎዳ የማበስበሱ ሥራ ይበልጥ በፈንገሶች ላይ ይወድቃል፤ ጠንካራውን የዕፅዋት ክፍል፣ ሊግኒንን፣ የሚፈቱትም በዋናነት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ፀረ ፈንገስ ማብዛት ከሌላ ቦታ ይልቅ ሊያሰጋ ይችላል፤ ኖራ መጨመር ደግሞ ባክቴሪያዎችን ያነቃቃል። በቆሎና ጤፍ በሚበዛባት ዳንግላ ችግሩ ሌላ ነው፦ አገዳውና ጭዱ ለመኖና ለማገዶ ስለሚሄድ ለመበስበስ የሚተርፈው ትንሽ ነው።