«ኩላሊቴን» ስንል

በአማርኛችን ወገብ የብርታት መቀመጫ ነው። ለሥራ የቆረጠውን ሰው «ወገቡን ታጥቆ ተነሣ» እንለዋለን፤ ወንድም ወይም ልጅ የሞተበት ደግሞ «ወገቤ ተቆረጠ» ብሎ ያለቅሳል። ይሁንና ወገባችንን የምር ሲያመን ብዙዎቻችን ስሙን ለውጠን «ኩላሊቴን» እንላለን። አገር ቤት ሐኪሙም የኛው ሰው ስለሆነ ይህ አነጋገር ብዙም አይጎዳንም። በስደት አገር ግን አስተርጓሚው ቃሉን እንዳለ ሲያሻግረው ምርመራው ሌላ አቅጣጫ ይይዛል። የጉዳቱን ክብደት ለመረዳት ሕክምና ራሱ ወገብን ለማወቅ የሄደበትን ጠመዝማዛ መንገድ ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1779 አከርካሪያቸው ጎብጦ እግራቸው የሰለለባቸውን ሕሙማን ሁኔታ በጽሑፍ አወጣ። ያዘዘው ሕክምና ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ቆዳን አቁስሎ ፈሳሹ እንዲወጣ ማድረግ ነበር፤ ይህም ከአገራችን ዋግምትና መተኮስ ብዙ አይርቅም። የበሽታው ምንጭ የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ሮበርት ኮኽ በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ በርሊን ላይ ካስታወቀ ወዲህ ነው። የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም «የፖት በሽታ» ይባላል። በ1940ዎቹ መድኃኒት ተገኘለት፤ በኋላም በኮሪያ የተደረጉ ጥናቶች መድኃኒቱን በአግባቡ የወሰዱ ብዙ ሕሙማን ለወራት በአልጋ ሳይታሰሩ ሊድኑ እንደሚችሉ አሳዩ።

ሁለተኛው ታላቅ ግኝት የቦስተን ነው። በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዊሊያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር በ1934 የ19 ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከስፍራው አፈንግጦ ነርቭን ሲጫን ከወገብ እስከ እግር የሚወርድ ሕመም እንደሚያስከትል አስረዱ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ነገር ብዙውን ጊዜ እንደ ዕጢ ይቆጠር ነበር። ግኝቱ እውነት ነበር፤ መዘዙ ግን ከልኩ አለፈ። ወገቡን ያመመው ሁሉ ዲስኩ እንደተንሸራተተ ተቆጠረ፤ የቀዶ ጥገናውም ቁጥር እየበዛ ሄደ። ኖርዌያዊው ሐኪም ሄንሪክ ቬበር በ1983 ባወጣው ጥናት የዲስክ መንሸራተት ያለባቸውን ሁለት ወገኖች አነጻጸረ። በአንደኛው ዓመት በቀዶ ጥገና የታከሙት የተሻሉ ሲሆኑ፣ በአሥረኛው ዓመት ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ከዚያም ኤም.አር.አይ. መጣና የወገብን ውስጥ እንደ መስተዋት አሳየን። በ1994 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት የወገብ ሕመም ጨርሶ የሌለባቸውን 98 ሰዎች በዚህ መሣሪያ መረመረ። ከመቶው 52 የሚሆኑት ቢያንስ በአንድ ቦታ ዲስካቸው ተለጥጦ ተገኘ፤ 27 ከመቶው ደግሞ ጎላ ብሎ የወጣ ዲስክ ነበራቸው። እንግዲህ በፎቶው ላይ የታየው ሁሉ የሕመሙ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረምም እንዲሁ ክብሩን አጣ፤ በ1986 የታተመ ጥናት ሁለት ቀን ብቻ እንዲተኙ የታዘዙት ሕሙማን ሰባት ቀን ከታዘዙት ይልቅ ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል።

የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ነው። ባለ ልዩ ሙያው ሐኪም ከፎቶው በፊት የሕመሙን ታሪክ መስማት ይኖርበታል። አብዛኛው የወገብ ሕመም በእንቅስቃሴ፣ በፊዚዮቴራፒና በጊዜ የሚሻሻል ነው፤ ጥቂቱ ግን አደገኛ ነው፣ ሁለቱንም የሚለየው በቅድሚያ የሕመምተኛው ቃል ነው።

ይህን የምለው በመጽሐፍ ካነበብሁት ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው የቀሩ አንዲት እናት ወደ እኔ ተላኩ። በሌላ ክሊኒክ «ኩላሊቴን» ባሉት ቃል መነሻ ሽንታቸውና ኩላሊታቸው ለወራት ሲመረመር ከርሟል፤ ምንም አልተገኘም። «እማማ፣ እስኪ የሚያምዎትን ቦታ በእጅዎ ያሳዩኝ» አልኋቸው። እጃቸውን አከርካሪያቸው መካከል ላይ አኖሩ። ማታ ማታ እንደሚያተኩሳቸው፣ ልብሳቸውም እንደሰፋቸው ነገሩኝ። በቤተ ሰብ ሳል የታመመ ሰው እንደነበረ ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። ልጃቸው ከክፍሉ ስትወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባለቤታቸው በቲቢ ታክመው እንደነበር፣ ይህም ቢታወቅ የልጃቸውን የመኖሪያ ወረቀት ያበላሻል ብለው እንደፈሩ ነገሩኝ። ከአጥንቱ የተወሰደው ናሙና የፖት በሽታ መሆኑን አረጋገጠ። መድኃኒታቸውን ለወራት ወስደው ዳኑ። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ እግራቸው ሊሰልል ይችል ነበር።

ቲቢ ካለበት አገር የመጣን ሰዎች ይህን ማወቅ ይገባናል። ሰውነት ሲከሳ፣ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ሲኖር፣ ሕመሙ በዕረፍት አልበርድ ሲል፣ ወይም ቀድሞ ካንሰር የታከመ ሰው ወገቡን ሲያመው ነገሩን ሳይደብቁ ለሐኪም መናገርና ወደ ባለ ልዩ ሙያ ሐኪም መላክን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሽንት አልወጣ ወይም አልቋጠር ሲል፣ በጭን መካከል ያለው ቆዳ ሲደነዝዝ፣ ወይም እግር እየዛለ ሲሄድ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ቀዶ ጥገና የታዘዘለት ሰውም «ባልቀደድ ከአንድ ዓመት በኋላ ምን እሆናለሁ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። አስተርጓሚ ፊት ስንቀርብም «ኩላሊቴን» ከማለታችን በፊት እጃችንን የሚያመን ቦታ ላይ እናኑር።