ከስካይሪም የሞድ መሣሪያዎችን ማራገፍ

የሞድ መሣሪያዎችን ማራገፍ ሲባል ተጫዋቾች የሠሯቸውን ማሻሻያዎች ወይም ሞዶች ወደ ኮምፒውተር ጌም የሚያስገቡ ፕሮግራሞችን፣ ከተዉት ፋይል ሁሉ ጋር፣ ጌሙንና የተጀመረውን ጨዋታ ሳይጎዱ ማስወገድ ማለት ነው። እዚህ ሥራው የሚታየው በአንድ ጌም ላይ ነው፤ ቤተዝዳ ጌም ስቱዲዮስ ሠርቶት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 2011 በወጣው «ዘ ኤልደር ስክሮልስ 5፦ ስካይሪም»፣ በተለይም ኦክቶበር 28 ቀን 2016 በወጣው ስፔሻል ኤዲሽን። ስካይሪም ላይ ሞድ የሚጭን ሰው በአንድ ፕሮግራም አይወሰንም። ሞዶቹን የሚያስተዳድር አንድ፣ ለጌሙ አዳዲስ ትእዛዞችን የሚጨምር ሌላ፣ ብርሃንና ጥላውን የሚያሳምር ሦስተኛ፣ የገጸ ባሕርያቱን እንቅስቃሴ የሚያዘጋጅ አራተኛ ይኖረዋል። ሁሉም ፋይላቸውን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው።

ብዙ ሰው ጌሙ በየደቂቃው መዘጋት ሲያበዛበት በንዴት መጀመሪያ የሚያራግፈው አስተዳዳሪውን ፕሮግራም ነው። የትኛው ፋይል የሞድ፣ የትኛው የጌሙ እንደሆነ መዝግቦ የያዘው ግን እሱ ነው። ንብረት ክፍሉን አሰናብቶ ቆጠራ እንደመጀመር ያለ ሥራ ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪው መራገፍ ያለበት በመጨረሻ ነው፤ ከሁሉም በፊት ደግሞ «ዶክዩመንትስ» ውስጥ «ማይ ጌምስ» በሚባለው ፎልደር ሥር ያሉት የተቀመጡ ጨዋታዎች፣ ማለትም ሴቮች፣ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለባቸው።

ኔክሰስ ሞድስ የተባለው የሞድ ድረ ገጽ የሚያቀርበው አስተዳዳሪ፣ ቮርቴክስ፣ ሞዶቹን በራሱ ፎልደር አከማችቶ፣ ጌሙ «ዳታ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ እንዲያገኛቸው በተለመደው አሠራሩ ሃርድ ሊንክ ይጠቀማል። ሃርድ ሊንክ ማለት በዲስኩ ላይ ላለ አንድ ፋይል የተሰጠ ሁለተኛ ስም ነው። ተጨማሪ ቦታ አይወስድም፤ ነገር ግን አንዱ ስም ቢጠፋ ፋይሉ በሌላው ስም ይኖራል። አንድ ሰው ቮርቴክስን አራግፎ የማከማቻ ፎልደሩን ቢሰርዝ ሞዶቹ የጠፉ ይመስለዋል እንጂ «ዳታ» ውስጥ ያለው ስም ሁሉ ተራ ፋይል ሆኖ ይቀራል፤ ጌሙም እንደ በፊቱ ያነበዋል። ይህን የሚከላከለው ቮርቴክስ ውስጥ ያለው «ፐርጅ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሊንኮቹን በሙሉ ያነሳል፤ ሞድ የተካቸው የጌሙ ፋይሎች ካሉም ቀድሞ ያስቀመጠላቸውን መጠባበቂያ ይመልሳል። ፕሮግራሙን ማራገፍ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ለተበላሸበት ሰውም ተስፋ አለ፤ ቮርቴክስ «ዳታ» ውስጥ ያስገባውን ፋይል አንድ በአንድ የሚዘረዝር የጽሑፍ ሰነድ እዚያው ይተዋል። ሰነዱን በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍቶ እየተከታተሉ መሰረዝ አድካሚ ነው፣ ግን ይቻላል።

ሞድ ኦርጋናይዘር 2 የተባለው ሌላው አስተዳዳሪ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለማራገፍ ከቮርቴክስ የተሻለው እሱ ነው። «ዳታ»ን አይነካም። ጌሙ በእሱ በኩል ሲነሳ ሞዶቹ እዚያ እንዳሉ አድርጎ በምናባዊ የፋይል ሥርዓት ያሳየዋል፤ ጌሙ ሲዘጋ ሁሉም ነገር እንዳልነበረ ይሆናል። ታዲያ የፕሮግራሙን ፎልደር መሰረዝ ብቻ ይበቃል የሚለው ምክር ወጥመድ አለበት። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱን ሴቭ እንዲይዝ ተደርጎ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ሴቮቹ ያሉት «ማይ ጌምስ» ውስጥ ሳይሆን እዚያው በፕሮፋይሉ ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩን የሰረዘ ሰው የወራት ጨዋታውን አብሮ ይሰርዛል። «ኦቨርራይት» የሚባለውም ፎልደር መታየት አለበት፤ ሌሎች መሣሪያዎች የፈጠሯቸው ባለቤት የሌላቸው ፋይሎች የሚጠራቀሙት እዚያ ነው።

አስተዳዳሪው የማያውቀው ደግሞ በእጅ የገባው ነው። በዚህ ረገድ ዋናው በአጭሩ ኤስኬኤስኢ የሚባለው የስካይሪም ስክሪፕት ኤክስቴንደር ነው። የጌሙን ዋና ፕሮግራም ዲስኩ ላይ አይለውጠውም፤ የራሱ ማስነሻ አለው፣ ጌሙ ሲነሳም ማሽኑ ሜሞሪ ላይ ይጨመርበታል። በጌሙ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ማስነሻውንና የዲኤልኤል ፋይሎቹን፣ «ዳታ» ውስጥ ደግሞ ያመጣቸውን ስክሪፕቶች ማጥፋት በቂ ነው። ስክሪፕቶቹን ማጥፋት የማያስፈራው የጌሙ ኦሪጅናል ስክሪፕቶች በታሸገ ማኅደር ውስጥ ስለሚገኙ ነው፤ ጌሙ ልቅ ፋይል ሲያገኝ እሱን ያስቀድማል፣ ሲያጣ ወደ ማኅደሩ ይመለሳል። ኤስኬኤስኢ ከጌሙ እትም ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ብዙ ሰው ሊያራግፈው የተነሳው በገዛ ፈቃዱ አልነበረም። በኖቬምበር 2021 ቤተዝዳ የአኒቨርሰሪ ኤዲሽን ማሻሻያን ሲለቅ ጌሙ ከ1.5.97 ወደ 1.6 ተሸጋገረ፤ በአሮጌው ላይ የተሠሩት ዲኤልኤሎችም ባንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ። ኤስኬኤስኢን ብቻ አንስቶ በእሱ ላይ የተመሠረተውን ስካይዩአይ የተባለ ሞድ የተወ ሰው ጌሙ ውስጥ የስህተት መልእክት ይጠብቀዋል፤ ሞዱ የሚደገፍበትን አጥቷልና።

ኢኤንቢ የሚባለው የምስል ማሳመሪያም በእጅ የሚገባ ነው። የዊንዶውስን የግራፊክስ ዲኤልኤል ስም ይዞ ከጌሙ ፕሮግራም ጎን ይቀመጣል፤ ጌሙም ከሲስተሙ በፊት እሱን ያነሳል። መሰረዝ ያለበት ታዲያ በጌሙ ፎልደር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ተመሳሳይ ስም ያለውን በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ የነካ ሰው ሌላ፣ ከዚህም የከፋ ችግር ይገዛል። እንደ ነሜሲስና ፍኒስ ያሉት የእንቅስቃሴ መሣሪያዎች የፈጠሩት ፋይል ሳይጠፋ ሞዶቹ ብቻ ከወጡ ገጸ ባሕርያቱ ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን ዘርግተው እንደ መስቀል ቆመው ሊታዩ ይችላሉ። የሞድ ፋይሎችን ለመመርመርና ለማረም የሚያገለግለው ኤስኤስኢኤዲት ተጭኖ የሚራገፍ ፕሮግራም አይደለም፤ ፎልደሩን መሰረዝ ይበቃል። የጌሙን ዋና ፋይሎች «ለማጽዳት» ያዋለው ሰው ግን ኦሪጅናሎቹን ለውጧልና ስቲም ከሚባለው የጌም መደብር መልሶ ሊያወርዳቸው ይገባል።

ሴቭ ከዚህ ሁሉ የተለየ ጉዳይ ነው። ስካይሪም ፓፒረስ በሚባል የስክሪፕት ቋንቋ ይሠራል፤ ጨዋታው ሲቀመጥ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ያሉ ስክሪፕቶች ከነሁኔታቸው ሴቩ ውስጥ ይገባሉ። ሞዱ ከዲስኩ ቢጠፋም የስክሪፕቱ ቅሪት ሴቩ ውስጥ አለ፤ ጌሙ የሌለ ኮድ እየፈለገ ይቀጥላል። ሴቩ ሲከፈት የሚመጣው ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ጨዋታው የተደገፈበት ይዘት አሁን የለም የሚለው፣ ብዙዎች «ይቀጥል» ብለው የሚያልፉት ነው። ለጥቂት ሰዓታት ምንም ላይታይ ይችላል። ኋላ ላይ የማይንቀሳቀስ ተልእኮ ወይም የማይከፈት ሴቭ ይመጣል፤ ያኔ ምክንያቱን ማወቅ ከባድ ነው። ሪሴቨር የተባለው መሣሪያ ባለቤት ያጡ ስክሪፕቶችን ከሴቩ ይለቅማል፤ ሆኖም ሴቩን ሞዱ ከመግባቱ በፊት ወደነበረበት አይመልሰውም። የልብስ ወይም የምስል ሞድ በመሃል ቢወጣ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ስክሪፕት ያለው ሞድ ሲወጣ ግን ትክክለኛው ምርጫ ሞዱ ከመጫኑ በፊት ወደነበረ ሴቭ መመለስ ወይም አዲስ ጨዋታ መጀመር ነው።

ስቲም ላይ «የፋይሎችን ትክክለኛነት አረጋግጥ» የሚለው አማራጭ ከአቅሙ በላይ ይታመናል። የሚያየው ስቲም ራሱ የሚያውቃቸውን ፋይሎች ነው፤ የተለወጠ ወይም የጠፋ ካለ ይተካል፣ ተጨማሪ ሆኖ የገባውን ግን አያስወግድም። ጌሙን ከስቲም ማራገፍም ቢሆን የሞድ ፋይል ያለበትን ፎልደር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ እዚያው እንደገና የጫነ ሰው አሮጌ ሞዶቹን መልሶ ያገኛቸዋል። ስለዚህ ከማራገፉ በኋላ በስቲም ማከማቻ ውስጥ የቀረውን የስካይሪም ፎልደር በእጅ መሰረዝ፣ «ማይ ጌምስ» ውስጥ ያሉትን ሁለቱን የአይኤንአይ ፋይሎች ማጥፋት ያስፈልጋል። አይኤንአይዎቹን ጌሙ ከራሱ ማስነሻ ሲከፈት እንደ አዲስ ይፈጥራቸዋል። በተደበቀው «አፕዴታ» ውስጥ የቀረው የፕለጊኖች ዝርዝርም መጥፋት አለበት።

ስፔሻል ኤዲሽን 12 ጊጋባይት ያህል የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። ኢንተርኔት በጊጋባይት እየገዛ የሚጠቀም ሰው ጌሙን ሙሉ በሙሉ ከማራገፉ በፊት ከላይ የተጠቀሰውን የፐርጅና የማረጋገጫ መንገድ ይሞክር፤ አስተዳዳሪውን ሲያራግፍም የወረዱት የታሸጉ የሞድ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውር።