የጤና ባለሙያውን ተመራማሪ የሚያደርገው የድኅረ ምረቃ ሥልጠና

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በአገሪቱ ቀድሞ ከተጀመረባቸው ተቋማት አንዱ ነው። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ በነጻ መታደል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በሆስፒታሉ የሚሰጠው ሕክምና ለበርካታ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ርዕስ ሆኗል። መድኃኒቱ ለኢትዮጵያዊው ታካሚ በሚፈለገው መጠን ይሠራል ወይ? የጎንዮሽ ጉዳቱስ እንዴት ነው? ለሚሉት ጥያቄዎች አስተማማኝ ምላሽ መስጠት የሚችለው፣ ከማከም በተጨማሪ በምርምር ዘዴ የሠለጠነ ባለሙያ ነው።

ክሊኒካዊ ምርምር የሚባለው በሰዎች ላይ፣ በፈቃዳቸው፣ የበሽታን ጠባይና የሕክምናን ውጤት የሚመረምር ጥናት ነው። የሽግግር ምርምር ደግሞ በቤተ ሙከራ የተገኘ ዕውቀት ወደ ታካሚው፣ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያዎችና ወደ ኅብረተሰቡ የሚደርስበትን መንገድ ያጠናል።

ጥናቱ በአገር ውስጥ መካሄዱ ለምን እንደሚያስፈልግ የኮዴይን ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 ይፋ በሆነ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተባዝቶ የሚገኝባቸው መሆኑ ታውቋል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮዴይንን እጅግ በፍጥነት ስለሚለውጠው፣ ለሌላው የሚስማማው መጠን ለእርሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። በሌላ አገር ሕዝብ ላይ ብቻ በተደረገ ሙከራ ይህንን ማወቅ አይቻልም።

በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ደግሞ በ1978 ተጀምሯል። በአሁኑ ጊዜ በዩኒቨርሲቲው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር የተቋቋመውና ከዓለም ባንክ ድጋፍ ያገኘው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው ማዕከል በመድኃኒት ልማትና በሕክምና ሙከራ መስክ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ1970 በአለርት ቅጥር ግቢ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የምርምር ቦታ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል።

ሠልጣኙ በቅድሚያ በሥራው ላይ ያጋጠመውን ችግር ሊለካ ወደሚችል ጥያቄ መለወጥን ይማራል። ቀጥሎም የጥናት ንድፍ አዘገጃጀትን፣ የናሙና ብዛት ስሌትን፣ የመረጃ አያያዝን፣ የስታቲስቲክስ ትንተናንና የሙከራ ደረጃዎችን ያጠናል። በመጀመሪያው ደረጃ መድኃኒቱ በጥቂት ሰዎች ላይ ለደኅንነቱ፣ በሁለተኛው ለመጠኑና ለፈዋሽነቱ፣ በሦስተኛው በብዙ ታካሚዎች ላይ ከነባሩ ሕክምና ጋር በንጽጽር ይፈተሻል። አራተኛው ደረጃ መድኃኒቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሰጠው ለሥነ ምግባር ነው። ታካሚው ስለ ጥናቱ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት በነጻ ፈቃዱ መስማማት፣ በፈለገው ጊዜም ሕክምናው ሳይጓደልበት መውጣት መቻል አለበት። ሐኪሙንና ተመራማሪውን በአንድ ሰውነት የያዘ ባለሙያ፣ የታካሚው ጥቅም ከጥናቱ እንደሚቀድም ማወቅ ይኖርበታል። የጥናት ዕቅድ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የሚታይ ሲሆን፣ የመድኃኒት ሙከራ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።

የዚህ ዓይነቱ ምርምር ፍሬ በተግባር ታይቷል። ጎንደርና አርባ ምንጭ በተሳተፉበት የምሥራቅ አፍሪካ ጥናት፣ 30 ቀናት ይፈጅ የነበረው የካላዛር መርፌ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ በ17 ቀናት ሊጠናቀቅ እንደሚችል ተረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ጥምር ሕክምናውን ለአካባቢው መክሯል። ከእርሻ ሥራው ተለይቶ ለሚታከም የቀን ሠራተኛ የ13 ቀናት ልዩነት ቀላል አይደለም። መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመው ዓለም አቀፍ ሙከራም ኢትዮጵያውያን ታካሚዎችንና ተመራማሪዎችን አሳትፏል።

የእንዶድ ታሪክ ግን ሌላውን ገጽታ ያሳያል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ዳር የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ቢያስገኝላቸውም፣ የደኅንነት ፍተሻው ዓለም አቀፍ መስፈርት ባሟሉ ቤተ ሙከራዎች እንዲከናወን በመጠየቁ ሥራው ለዓመታት ተጓቷል።

ግኝትን ከወንዝ ዳር እስከ ታካሚው የሚያደርስ የሰው ኃይልና ተቋም በአገር ውስጥ መኖር አስፈላጊነቱ ከዚህ ይመነጫል። ይሁን እንጂ የታካሚዎች ብዛት ለሐኪሙ የምርምር ጊዜ አይተውለትም፤ የጥናት ገንዘብም በአብዛኛው ከውጭ የሚገኝ በመሆኑ የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ለጋሹ ሊወስነው ይችላል። ሥልጠናው ግቡን የሚመታው ምሩቁ ወደ ሆስፒታሉ ሲመለስ የምርምር ሰዓት ሲመደብለት፣ የጥናቱም ውጤት ከመደርደሪያ ወጥቶ ወደ ሕክምና መመሪያ ሲገባ ነው።