ሾተላይ፦ የስሙ ታሪክና የደሙ ታሪክ

በጎጃም ደጋ፣ ከማቻከል እስከ አነደድ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ግርጌ፣ የሰው ስም ስትሰማ ዝም ብለህ አትለፈው። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ፣ ኑርልኝ፣ አትንኩት። ካሳ የተባለው የማን ካሳ ነው? ማስረሻስ ማንን ሊያስረሳ መጣ? ኑርልኝ ከመባሉ በፊት ስንቶቹ ሳይኖሩ ቀሩ? የእናቶቻችን ያልተጻፈ የሐዘን መዝገብ ያለው በልጆቻቸው ስም ውስጥ ነው።

ከሐዘኖቹ አንዱ ሾተላይ ይባላል። ሴቲቱ ትወልዳለች፤ ልጁ ግን አይበረክትም። ሌላ ትወልዳለች፤ ያም እንዲሁ። ያን ጊዜ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሾተላይ አለባት» ይላል። አለባት እንጂ አለባቸው አይልም፤ ባልየው የለበትም። በዚህች አንዲት ቃል ጠንቅ ከትዳሯ የወጣች ሴት ጥቂት አይደለችም።

አባቶቻችን ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ስትባል፣ ከዚያም በፊት፣ ለነፍሰ ጡር ሴት ክታብ ይጻፍላት ነበር። ደብተራው ብራናውን በቁመቷ ልክ አዘጋጅቶ፣ በክርስትና ስሟ ጸሎተ ሱስንዮስን ይጽፍበታል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ አንገቷ ላይ ይውላል። ታሪኩ እንደሚለው ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ የሱስንዮስን ልጅ ገደለችበት፤ እሱም ፈረሱን ጭኖ፣ አሳዶ፣ በጦር ወጋት። በክታቦች ላይ ከአጋንንቱ ስም ጋር የሾተላይም ስም ተጽፎ ይገኛል።

ይህን አይቶ መሳቅ ቀላል ነው። ዳሩ ግን ሕዝቡ አንድ ትልቅ ነገር አስተውሎ ነበር፦ የልጆቹ ሞት እንዲያው የመጣ ሳይሆን ተራ የያዘ፣ ከአንዲት እናት ማሕፀን የሚደጋገም መሆኑን። ማስተዋሉ ትክክል ነበር፤ ያጣው ምክንያቱን ነው።

ምክንያቱ መታየት የጀመረው ሩቅ አገር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1939 በኒውዮርክ ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች፣ ልጇ ሞቶ የተወለደባት አንዲት ሴት የባሏን ደም ስትወስድ ሰውነቷ ክፉኛ እንደተቆጣ ጻፉ። በ1940 ላንድስታይነርና ዊነር አርኤች የተባለውን የደም ምልክት ገለጡ። ምልክቱ ያለበት ደም ፖዘቲቭ፣ የሌለበት ኔጌቲቭ ተባለ። እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሆነው ልጁ የአባቱን ከወረሰ፣ በወሊድ ጊዜ ጥቂት የልጁ ደም ወደ እናትየው ይገባል። የሷም ሰውነት እንግዳ መጣብኝ ብሎ አንቲቦዲ የሚባል ዘብ ያቆማል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ አመለጠ። ዘቡ ግን አይረሳም፤ በሚቀጥለው እርግዝና በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ የጽንሱን ደም ያፈርሳል። ልጁ ሞቶ ይወለዳል፣ ወይም ደም አንሶት፣ ቢጫ ሆኖ ተወልዶ ይሞታል።

እንግዲህ ልብ በል፤ «የለበትም» የተባለው ባል፣ ለካ ምልክቱ የመጣው ከሱ ነው! ጥፋቱ ግን የሷም የሱም አይደለም፤ የሁለት ደም አለመተዋወቅ ነው።

መድኃኒቱስ? በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ ከእንስሳት ደም የተወሰደ ሴረም ሌላውን እንስሳ ከበሽታ ሲያድን አሳይተው ነበር። ይህም የአንዱ ዘብ ለሌላው ሊቆም እንደሚችል የሚያስረዳ ነው። ችግሩ ዘቡን ከደሙ ለይቶ ማውጣት ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ኮን ለቁስለኛ ወታደሮች የሚሆን ፕሮቲን ሲፈልግ መንገዱን አገኘ። የኛ እናቶች አረቄ የሚያወጡት በእሳት ነው፤ ኮን ግን አልኮሉን ከብርድ ጋር አጋባው። ቀዩ ደም ሲቀመጥ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል። ይህን ፈሳሽ ከዜሮ በታች እስከ 5 ዲግሪ አቀዝቅዞ አልኮል ሲጨምርበት፣ አልኮሉ 8 በመቶ ላይ አንዱ ፕሮቲን ይዘቅጣል፤ 25 በመቶ ላይ አንቲቦዲው ያለበት ክፍል፤ 40 በመቶ ላይ ደግሞ አልቡሚኑ። ወተት ተንጦ ቅቤው እንደሚለይ ያህል ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ከተማ ፊንና ክላርክ፣ በኒውዮርክም ፍሬዳ፣ ጎርማንና ፖላክ አንድ ብልሃት ላይ ደረሱ። ተዘጋጅቶ የወጣ ዘብ ለእናትየው ቀድሞ ቢሰጣት፣ የገባውን የልጁን ደም ጠርጎ ያጠፋዋል፤ የሷ ሰውነት ሳይነቃ፣ የራሱን ዘብ ሳያቆም ይቀራል። በ1968 መድኃኒቱ በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬ በኛ አገር «የሾተላይ መርፌ» የሚባለው ይኸው ነው።

ታዲያ ያ ዘብ የተቀዳው ከማን ደም ነበር? መጀመሪያ ከተቀዳላቸው ሰዎች መካከል በዚሁ በሽታ ልጆቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ነበሩ፤ ደማቸው ዘቡን የያዘ እነሱ ናቸውና። የራሷን ልጅ የገደለው ደም የሌላዪቱን ልጅ አዳነ! በኛ አገር ከትዳሯ የምትወጣው ሴት፣ በሌላ ቦታ መድኃኒት ሰጪ ሆነች። በኋላ ፈቃደኛ ወንዶችም ተጨመሩ። በ2025 ያረፈው አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን 1,173 ጊዜ ሰጥቷል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸ ነው።

መርፌው በወሊድ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት ይባላል። ይህን ቁጥር ያመጣው በኒውዮርክ ሲንግ ሲንግ እስር ቤት በፈቃደኛ እስረኞች ላይ የተደረገው ሙከራ ነው፤ ሐኪሞቹ እስረኞቹን መልሰው ለማየት የሚፈቀድላቸው በሦስት ቀን ልዩነት ነበር። ከጮቄ ግርጌ በቃሬዛ ለምትመጣ አራስ ሰዓቱን የቆጠረው የእስር ቤት በር ነው ማለት ነው።

በአገራችን የቀይ መስቀል ማኅበር የደም አገልግሎትን በ1969 ጀመረ፤ በ2012 አገልግሎቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ። መርፌው ግን እስከ ዛሬ ከውጭ እየተገዛ የሚመጣ፣ ዋጋው ለድሀ የሚከብድ፣ ከማቀዝቀዣ ውጭ የማይቆይ ነው። ደግሞም ዘቡ አንዴ ከቆመ በኋላ ቢወጋ ምን ያደርግላታል? ጥቅሙ ቀድሞ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳንሳሳት። አርኤች ኔጌቲቭ የሆነ ሰው በአገራችን ከአሥሩ አንድ አይሞላም፤ ስለዚህ ሾተላይ የተባለው ሁሉ ይኸ ሊሆን አይችልም። ቂጥኝ አለ፣ ወባ አለ፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ። በቂጥኝ ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት የፊተኞቹ ሆነው ኋለኞቹ እየተሻላቸው ይሄዳል፤ በአርኤች ግን የፊተኛው ድኖ ኋለኞቹ ይብሳሉ። አንድ ስም ለብዙ በሽታ ሲሰጥ፣ ሁሉም ሳይመረመር ይቀራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ተነሥተህ ወደ አገርህ ለዕረፍት ስትገባ «ሾተላይ አለባት» ሲባል ብትሰማ፣ ክርክር አትግጠም፤ ክታቧንም አትንቀል። «ደሟ ታይቷል ወይ? የሱስ?» ብለህ ጠይቅ። ላልወለደች እኅትህም የደም ዐይነቷን ሳታውቅ አታርግዝ በላት። አንተም ክንድህን ለደም ባንክ ዘርጋ። ያን ጊዜ ኑርልኝ የሚለው ስም ልመና መሆኑ ቀርቶ ምርቃት ይሆናል።