ስክሪን ኅትመት በደቡብ አፍሪካ የነጻነት ትግል

ዘመናዊው ሥነ ጥበብ ለሕዝብ ትግል ካበረከታቸው መሣሪያዎች መካከል የስክሪን ኅትመትን ያህል በጥቂት ወጪ ለብዙኃን የሚደርስ አይበዛም። በእንጨት ክፈፍ ላይ እንደ ከበሮ የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ቀለም የሚያልፍበትንና የማያልፍበትን ስፍራ የሚለይ ስቴንስል፣ ቀለሙን የሚገፋ ላስቲክ፤ ዋናው መሣሪያ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቀለም የራሱን ስቴንስል ስለሚጠይቅ ሠዓሊው ቀለም ይቆጥባል፤ ቅርጹን ያጎላል፤ ቃሉን ያሳጥራል። የፖስተሩ ጉልበትም ከዚሁ ቁጠባ ይመነጫል።

ለዚህ ሕያው ምስክር የሚሆነን በአፓርታይድ ላይ የተካሄደው ትግል ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 1976 በሶዌቶ አደባባይ የወጡ ተማሪዎች በጥይት ከተመቱ በኋላ ብዙ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ተሰደዱ። በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የተጠለሉ ከያንያንም በ1970ዎቹ መገባደጃ «ሜዱ» የተባለውን የኪነ ጥበባት ቡድን መሠረቱ። ሜዱ በሴፔዲ ቋንቋ «ሥሮች» ማለት ነው። ባለቅኔው ሞንጋኔ ዋሊ ሴሮቴና ሠዓሊው ታሚ ምንየሌ ከአባላቱ ይቆጠራሉ።

የቡድኑ የግራፊክ ክፍል ፖስተሮችን እያተመ በድብቅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያስገባ ነበር። ሃያ ሺህ ያህል ሴቶች የይለፍ ወረቀት ሕግን በመቃወም እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1956 በፕሪቶሪያ ያደረጉት ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ጁዲ ሴይድማን ሰንሰለቷን የምትበጥስ ሴት የሚያሳይ ፖስተር በ1981 ሠርታለች።

ይሁን እንጂ በሌሊት የተለጠፈውን ፖስተር ፖሊስ ሲነጋ ይቀድደዋል። የሜዱ አባላትም ፖስተር ከመላክ ይልቅ ሙያውን መላክ እንደሚበልጥ ተገነዘቡ። በሻንጣ ውስጥ የሚገባ የስክሪን ማተሚያ አዘጋጁ። በጁላይ 1982 በጋቦሮኔ በተካሄደው የባህልና የትግል ጉባኤም ከያኒው ራሱን ከሕዝብ በላይ የሚያይ ሳይሆን «የባህል ሠራተኛ» እንዲሆን ተመከረ። በማግስቱ ዓመት በጆሃንስበርግ የተቋቋመው የስክሪን ማሠልጠኛ፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የየሰፈሩ ድርጅቶች የየራሳቸውን ፖስተርና ካናቴራ እንዲያትሙ አስተማረ።

ዘረኛው መንግሥት ነገሩን አልናቀውም። እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1985 ወታደሮቹ ድንበር ጥሰው በጋቦሮኔ 12 ሰዎችን ገደሉ። ከሟቾቹ አንዱ ታሚ ምንየሌ ነበር። ሜዱም በዚሁ አበቃ፤ አባላቱ ተበተኑ። የሠዓሊው አፅም ከስደት አገር ተመልሶ በትውልድ አገሩ ያረፈው በ2004 ነው።

ገዳዮቹ ሠዓሊውን ሲገድሉ ሙያው ግን ድንበሩን ቀድሞ ተሻግሮ ነበር። ከዚያም በኋላ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ስማቸው በፖስተሩ ላይ ያልተጻፈ ብዙ እጆች ጨርቅ እየወጠሩ፣ ቀለም እየገፉ ማተማቸውን አላቋረጡም። ለሕዝብ እሠራለሁ የሚል ከያኒ ከሜዱ የሚማረው ይህን ነው፤ የሥራው መጠን በፊርማው ብቻ ሳይሆን ሙያውን በተረከቡት ሰዎች ብዛትም ይለካል።