ፊልሙ የተወው ታሪክ፤ ስቲቭ ጆብስ በሲኒማ መስታወት

የነገሥታትን ዜና መዋዕል የጻፉ የጥንት ጸሐፍት አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ድንጋዩን የጠረቡትንና ግንቡን ያነጹትን እጆች ትተው፣ ያሠራውን ንጉሥ ስም ብቻ በብራና ላይ ያሰፍሩ ነበር። በእኛ ዘመን ይህን ልማድ የወረሰው ሲኒማ ይመስላል። ስለ ታዋቂ የቴክኖሎጂ ባለሀብቶች የተሠሩት ፊልሞች ለዚህ ምስክር ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከአፕል ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነውን የስቲቭ ጆብስን ሕይወት የሚመለከተውንና በ2015 ለሕዝብ የቀረበውን ፊልም ወስደን ከታሪኩ ጋር እናስተያየው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆብስ የፊልም ባለታሪክ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1999 ለቴሌቪዥን በተሠራ ፊልም ኖህ ዋይሊ እርሱን፣ አንቶኒ ማይክል ሆል ደግሞ ተፎካካሪውን ቢል ጌትስን ሆነው ተጫውተዋል። ጆብስ በ2011 በ56 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየ በኋላ፣ በ2013 አሽተን ኩቸር የተወነበት ሌላ ፊልም ወጣ። በ2015ቱ ግን ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይልና ደራሲው አሮን ሶርኪን የተለየ መንገድ መረጡ። መነሻቸው ዋልተር አይዛክሰን በ2011 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ቢሆንም፣ ባለታሪኩን ከልደቱ እስከ ሞቱ አልተከተሉትም፤ ሦስት ቀናትን ብቻ ወሰዱ። እነዚህም ማኪንቶሽ በ1984፣ ኔክስት በ1988፣ አይማክ ደግሞ በ1998 ለሕዝብ የተዋወቁባቸው ቀናት ናቸው። በእያንዳንዱ ቀን ጆብስ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች፣ የበደላቸውና የሚፈልጉት ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ ይሟገቱታል።

እንግዲህ እውነቱና ፈጠራው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ከመድረክ ጀርባ የሚታዩት ሙግቶች በዚያ መልክ አልተካሄዱም። የአፕል ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጆን ስከሊና ጆብስ፣ ጆብስ በ1985 ኩባንያውን ለቅቆ ከወጣ በኋላ ወዳጅነታቸው ተቋርጦ ነበር፤ በፊልሙ ግን ስከሊ በ1988ም በ1998ም ከጆብስ ፊት ይቀርባል። ከማኪንቶሽ የሶፍትዌር ባለሙያዎች አንዱ የነበረውና ራሱም በፊልሙ ውስጥ የተሣለው አንዲ ኸርትስፌልድ፣ ነገሮቹ በፊልሙ እንደሚታዩት እንዳልተፈጸሙ መስክሯል። ሶርኪንም ቢሆን ሥራው ሥዕል እንጂ ፎቶግራፍ አለመሆኑን አልሸሸገም።

ይሁን እንጂ ሥዕልም የራሱ እውነት አለው። የፊልሙ ልብ ጆብስ ከመጀመሪያ ልጁ ከሊሳ ጋር የነበረው ግንኙነት ነው። ሊሳ በ1978 ስትወለድ ጆብስ አባትነቱን ካደ፤ በ1980 የተደረገው ምርመራ አባትነቱን ካመለከተ በኋላም ለረጅም ጊዜ ልቡ አልተመለሰም። አፕል በ1983 ያወጣው ኮምፒዩተር ሊሳ ተብሎ ሲሰየም፣ ኩባንያው ስሙ የቴክኒክ ቃላት ምሕፃር ነው ይል ነበር። ጆብስ ግን በመጨረሻው ዘመኑ ስሙ የልጁ እንደነበረ ለአይዛክሰን አምኗል። ይህን የሰውየውን ክፉ ገጽ ፊልሙ ሳያድበሰብስ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል።

ጉድለቱ ያለው ከዚህ በተለየ ስፍራ ነው። የማኪንቶሽን ፕሮጀክት በ1979 የጀመረው ጄፍ ራስኪን እንጂ ጆብስ አልነበረም። በዚያው ዓመት ጆብስና ባልደረቦቹ የዜሮክስን የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ጎብኝተው፣ በመስኮቶችና በሥዕላዊ ምልክቶች የሚሠራ ኮምፒዩተር ተመለከቱ። ጉብኝቱም በነፃ የተገኘ አልነበረም፤ ዜሮክስ 100 ሺህ የአፕል አክሲዮኖችን በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲገዛ ተፈቅዶለታል። ማውስ የተባለውን መሣሪያም ዳግላስ ኤንግልባርት ገና በ1968 ለሕዝብ አሳይቶት ነበር። በማኪንቶሽ ላይ ቢል አትኪንሰን የሥዕል ፕሮግራሙን ጻፈ፤ ሱዛን ኬር ፊደሎቹንና ምልክቶቹን ነጥብ በነጥብ ቀረጸች። በ2,495 ዶላር ለገበያ የቀረበው ማኪንቶሽ የታሰበውን ያህል ሳይሸጥ ሲቀር፣ ኩባንያውን የደገፈው ስቲቭ ዎዝኒያክ የነደፈውና ከ1977 ጀምሮ ይሸጥ የነበረው አፕል 2 ነው። በፊልሙ ዎዝኒያክ የአፕል 2 ሠራተኞች እንዲመሰገኑ ሲማፀን ይታያል፤ ትዕይንቱ ፈጠራ ቢሆንም ጥያቄው ግን የታሪክ መሠረት አለው።

ሌላም ስሕተት አለ። ፊልሙ የኔክስትን ኮምፒዩተር ጆብስ ወደ አፕል ለመመለስ አስቀድሞ ያጠመደው ወጥመድ አስመስሎ ያቀርበዋል። ኔክስት በገበያ አልቀናውም፤ ሆኖም ቲም በርነርስ ሊ በ1990 በስዊዘርላንድ በሚገኘው የሰርን ማዕከል የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ማሰሻ የጻፈው በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ ነበር። አፕልም ኔክስትን ለመግዛት የተስማማው በ1996 መጨረሻ፣ የራሱ አዲስ የሶፍትዌር ሥራ ሳይሳካለት ቀርቶ በተቸገረ ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ በ1988 ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር። ውጤቱን ካዩ በኋላ ዕድልን እንደ ዕቅድ መተረክ፣ የታሪክ ጸሐፊ ሊጠነቀቀው የሚገባ የቆየ ፈተና ነው።

ይህ የኛ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በኮምፒዩተሩ ወይም በእጅ ስልኩ ላይ ያለውን የግዕዝ ፊደል ይመልከት። በ1987 የዜሮክሱ ጆ ቤከር፣ የአፕሎቹ ሊ ኮሊንስና ማርክ ዴቪስ የዓለምን ፊደላት በአንድ የኮድ ሥርዓት የማሰባሰብን ሐሳብ ማጥናት ጀመሩ፤ ዩኒኮድ የተወለደው ከዚህ ነው። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ቀደም ብለው ለፊደላችን ፕሮግራሞች ሠርተው ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲካተት ግን፣ አንድ ደብዳቤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ሳይበላሽ የሚደርስበት መንገድ ተከፈተ። ይህን ያደረጉት በኮሚቴ ተቀምጠው፣ ሰንጠረዥ እያረሙ ዓመታት ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ከመድረክ ጀርባ የሚያስጮህ ሙግት ስለሌላቸው ለሲኒማ አይመቹም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ። ፊልሙ ሃምሳውንም ሎሚ ለአንድ ሰው አሸክሟል። ተዋናዩ ማይክል ፋስቤንደርና ኬት ዊንስሌት ለኦስካር ሽልማት የታጩበት በመሆኑ፣ ለትወናው ሲባል መታየት ይገባዋል። ጉዳቱ የሚመጣው ሥዕሉ እንደ ፎቶግራፍ ሲወሰድ ነው። ነገ ኮምፒዩተር ሊሠራ፣ ፕሮግራም ሊጽፍ የሚመኝ ወጣት ከዚህ ፊልም የሚማረው፣ ሰውን እያስቀየሙ ብቻን መቆም የታላቅነት ምልክት ነው የሚለውን ከሆነ፣ የተማረው ታሪክን አይደለም። ታሪኩ የሚነግረው፣ ጆብስ የብዙዎችን ሥራ አስተባብሮ ለገበያ የማብቃት ብርቱ ችሎታ እንደነበረው፣ የሚያስተባብረው ሥራ ግን በሌሎች እጅ የተሠራ እንደነበረ ነው።