«ሲያረጁ አምባር ይዋጁ»፦ እናቶቻችን፣ ልብሳቸውና ዕድሜያቸው

ባለፈው ሲግድ ከኢየሩሳሌም ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ነገር ሆነ። የአንዷ አባላችን እናት፣ ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ቀይና ወርቃማ ጥበብ ያለው፣ ወገቡ ጠበብ ያለ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ ሳያደርጉ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» አሉ። የሰማ ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ አልሳቀችም። እናትዬው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ቤታቸው ደረሱ፤ ያ ቀሚስም ከዚያ ቀን ወዲህ ከቁም ሳጥን አልወጣም።

እኛ ወጣቶቹ መጀመሪያ «የድሮ ሰው ወግ ነው» ብለን ልናልፈው ነበር። ግን በማኅበራችን ስብሰባ ስንነጋገርበት፣ እያንዳንዳችን ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለ አየን። ስለዚህ «ለዕድሜ የሚገባ ልብስ» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ አያቶቻችንን መጠየቅ፣ የተጻፈውንም ማንበብ ጀመርን። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው እዚህ አገር በለመድነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። በጎንደር አካባቢ አባቶቻችን ርስት ስላልነበራቸው ኑሯቸው በሰው መሬት ላይ በእርሻና በእጅ ሥራ ነበር፤ ቀጥቃጭነት፣ ሸክላና ሽመና። ልብስ የሚሠራው እቤት ነው። ጥጡን የሚዳምጡት፣ የሚያባዝቱትና በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ለአንድ ቀሚስና ለአንድ ነጠላ የሚሆን ፈትል ለማዘጋጀት ስንት ምሽት እንደሚፈጅ አያቶቻችን ሲነግሩን፣ ከሱቅ ገዝተን ሁለት ጊዜ ለብሰን የምንጥለው እኛ አፈርን። በኋላ አቡጀዴ ከውጭ እየመጣ ገበያ ገባ፤ እሱም ቢሆን በገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ደግሞ የለም።

ልብስ እንዲህ ብርቅ በሆነበት ቤት አዲሱ ቀሚስ ለማን ይደርሳል? ለምትዳረዋ ልጅ ነዋ! እናትየው በአሮጌው ትከርማለች። እንደኛ ግምት፣ ተረቱም የተወለደው ከዚህ ነው። አምባር የብር ጌጥ ነው፤ መዋጀት ማለት ደግሞ ከፍሎ ማስለቀቅ፣ መግዛት ነው። ያረጀች ሴት ጌጥ ስትገዛ፣ ከልጇ ድርሻ እንደወሰደች ተቆጠረባት። ስለ ሽማግሌ ወንድ እንዲህ ያለ ተረት ንገሩን ብለን ስንጠይቅ አያቶቻችን ተያዩና ሳቁ። አዲስ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ «አማረበት» ነው የሚባለው።

ሌላው እኛን ያስገረመን፣ «ያረጀች» የምትባለው ማን እንደነበረች ነው። ዕድሜ በቁጥር አይታወቅም ነበር። የሚታወቀው በአካል ላይ በሚታየው ነው። ልጃገረድ ጸጉሯን ጋሜ ወይም ሳዱላ ትላጫለች፤ ካገባች በኋላ ሹሩባ ትሠራለች፣ ሻሽ ታስራለች፣ ወገቧን በመቀነት ትታጠቃለች። ልጇን ስትድር ደግሞ አማት ሆነች፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ጌጡ ለልጅ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ በአሥራ ሁለት በአሥራ ሦስት ዓመቷ የተዳረች ሴት ሠላሳ ዓመት ገና ሲሞላት አማት፣ ትንሽ ቆይታ አያት ትሆናለች። የአሮጊት ልብስ የሚባለውን የምትለብሰው፣ ዛሬ እኛ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ሥራ በምንፈልግበት ዕድሜ ነው።

ነጭ ልብስን ግን ከእርጅና ጋር ብቻ ማያያዝ ስህተት ይመስለናል። በቤተ እስራኤል ዘንድ ነጭ የንጽሕና ነገር ነው። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ከመንደሩ ወጣ ብሎ በተሠራው የመርገም ጎጆ ትቀመጣለች፤ ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ወንዝ ወርዳ ገላዋንም ልብሷንም አጥባ ነው ወደ ቤቷ የምትመለሰው። ወንድ ስትወልድ 40፣ ሴት ስትወልድ 80 ቀን ከቤቷ ትለያለች። ሳሙና ስለሌለ ልብሱ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። ለሲግድ ተራራ ሲወጣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ታጥቦ የነጣ ልብሱን ይለብሳል። ስለዚህ ነጩ ቀሚስ የአያት ብቻ አልነበረም፤ ልዩነቱ ያለው በጥለቱና በጌጡ ላይ ነው።

ጥቁሩስ? ሐዘን ሲመጣ ሴት ከል ትለብሳለች፣ የነጠላዋም ጥለት ወደ ፊቷ ይዞራል። ከአባሎቻችን የአንዱ እናት ባላቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኖ ዛሬም ጥቁር ናቸው። በሃላካ ለትዳር ጓደኛ የሚደረገው ሐዘን 30 ቀን ነው። ልጃቸው ይህን ቢነግራቸው፣ «እሱንስ አውቃለሁ። ግን ጥቁሩን ባወልቅ ባል ፈለገች ይሉኛል» አሉ። እዚህ ላይ ዝም ብለን ቀረን። ምክንያቱም ልብሱ የሚጠብቀው ሟቹን ሳይሆን የሰውን አፍ እንደሆነ ገባን።

ከዚያ ጉዞው መጣ። በሱዳን በኩል የመጡት፣ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ የገቡት፣ ብዙዎቹ ከለበሱት ሌላ አልነበራቸውም። በዘመቻ ሰለሞን፣ ግንቦት 24 እና 25 ቀን 1991፣ በ36 ሰዓት ያህል ከ14,000 በላይ ሰው ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ በፎቶዎቹ ላይ የሚታየው ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጋቢና ሰው እንዳይጠፋ የተለጠፈው ቁጥር ነው። መርከዝ ክሊታ ሲገቡ የእርዳታ ልብስ ተሰጣቸው። ብርድ ነውና እናቶቻችን ከቀሚሱ ሥር ሱሪ፣ ከላይ የማያውቁት ቡድን ስም የተጻፈበት ሹራብ ለበሱ። የቤት አልበሞቻችን በዚህ ዓይነት ፎቶ የተሞሉ ናቸው፤ በልጅነታችን እንስቅባቸው ነበር።

ነገሩ የተምታታው እዚህ ነው። በአገር ቤት ሚዛን «አረጀች» የተባለች የአርባ ዓመት ሴት፣ እዚህ በአርባ ዓመቷ ኡልፓን ተቀመጠች፣ ቀጥሎም ሥራ ገባች። ጎረቤቷ የሆነችው እስራኤላዊት እኩያዋ ጸጉሯን ቀይ ቀለም ተቀብታ በአጭር ሱሪ ትወጣለች። ልጇ ደግሞ አዳሪ ትምህርት ቤት ናት፤ በዚያ ጊዜ አብዛኞቹ የኛ ልጆች የተላኩት ወደ ሃይማኖታዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስለነበር፣ እዚያ ደግሞ ረጅም ጉርድና እጅጌ ግዴታ ነው። እናት ጠዋት በጽዳት ሥራ ዩኒፎርምና በሱሪ ትወጣለች፣ ማታ ቀሚሷን ትለብሳለች። አንድ ጥያቄ አለን፦ በጽዳቱ ሱሪ ላይ ማንም «ሲያረጁ…» ብሎ አያውቅም። ለሥራ ሲሆን ዕድሜዋ አይታይም፤ ለደስታ ስትለብስ ነው ዕድሜዋ የሚቆጠረው።

እኛም ንጹሕ አይደለንም። ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ሲኖር «እማዬ፣ በነጠላ እንዳትመጪ» ያላልን ከመካከላችን ስንት ነን? በስብሰባችን ይህን ስንጠይቅ እጅ ያላወጣ ሁለት ሰው ብቻ ነው። አንዷ እናት እንዲያውም ነጠላቸውን በቦርሳ ይዘው ሄደው፣ ስብሰባው ሲያልቅ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው የለበሱት። ልጃቸው ይህን የነገረችን ዘንድሮ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ተገለባብጧል። በ2008 ክኔሴት ሲግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል ካደረገው ወዲህ፣ ሠርግም ባት ሚትስቫም ሲመጣ ሴቶች ልጆቻችን ከሽሮ ሜዳ በሰው በሰው አዲስ ቀሚስ ያስመጣሉ። ከእናቶቻችን ያስወለቅነውን ለብሰን ፎቶ እንነሳለን፤ ሰውም ያጨበጭብልናል። እናት ያንኑ ስትለብስ ግን «ለማን አምሮ?» ይባላል። ይሄ ለኛ አይዋጥልንም።

ያችን አውቶቡስ ላይ የተናገሩትን እናት ሄደን አነጋገርናቸው። ልንወቅሳቸው አልነበረም፤ እሳቸውም ቡና አፍልተው ነው የተቀበሉን። ስለ ተረቱ ስንጠይቅ እጃቸውን አሳዩን፣ ባዶ ነው። «እኔ የብር አምባሬን ገዳሪፍ ላይ ሽጬ ነው ልጆቼን ያበላሁት። ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። እዚህ ከመጣን በኋላ ሁልጊዜ ልግዛ እልና፣ አሁንማ አረጀሁ እላለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብተው ቆዩ።

ለሚቀጥለው መጽሔታችን የእናቶችና የአያቶች የልብስ ፎቶ እየሰበሰብን ነው። ከአገር ቤት፣ ከሱዳን፣ ከመርከዝ ክሊታ፣ ከሠርግ የተነሱትን ሁሉ አምጡልን፤ ኮፒ አድርገን በማግስቱ እንመልሳለን። የለበሱት ማን እንደሰጣቸው ወይም ማን እንደፈተለው የሚያስታውሱ ከሆነም፣ እባካችሁ ከፎቶው ጀርባ ጻፉልን።